የቤት ጽዳት ሥራ በየትኛው በር ይገባል? ለብቻ፣ በሽርክና፣ በቅጥር፣ በመተግበሪያ ወይስ በፍራንቻይዝ

የቤት ጽዳት ሥራ ለመጀመር ባልዲ፣ መወልወያና ሁለት እጅ ይበቃል ይባላል። ለመጀመሪያው ቤት እውነት ነው። ሃያኛው ቤት ላይ ሲደረስ ግን ነገሩ ይለወጣል። አንዱ ሠራተኛ ቀጥሮ ደመወዝ ለመክፈል ይሯሯጣል፣ ሌላው ደንበኛና አጽጂን ለሚያገናኝ የስልክ መተግበሪያ ከእያንዳንዱ ሥራ ኮሚሽን ይቆረጥበታል፣ ሌላው የትልቅ ድርጅት ስም ተከራይቶ (ፍራንቻይዝ የሚባለው ይህ ነው) የሰው ዓርማ በተለጠፈበት መኪና ይዞራል። ሁሉም የሚወለውሉት ወለል ያው ነው፤ ወር ሲያልቅ እጃቸው ላይ የሚቀረው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

እዚህ የማነጻጽረው አምስቱን የመግቢያ በሮች ነው። ስድስተኛውን፣ ማለትም ሲሠራ የቆየ የጽዳት ሥራ ከነደንበኛው መግዛትን፣ መጨረሻ ላይ እነካዋለሁ። በስሌቶቹ ውስጥ ያሉት ቁጥሮች ለማሳያ ብቻ የተቀመጡ ስለሆኑ በራስዎ ዋጋና ወጪ እየተኩ ያስሏቸው።

## በምን እንመዝን?

ጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «በሰዓት ስንት ያስከፍላል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ያሳስታል፤ የጽዳት ሥራ ሁለት ዓይነት ሰዓት አለውና። አንዱ ደንበኛው ቤት ውስጥ የሚያልፈውና የሚከፈልበት ሰዓት ነው። ሌላው የማይከፈልበት ነው፦ መንገዱ፣ ዋጋ ለመገመት ቤት ማየቱ፣ ስልኩ፣ ጨርቅ ማጠቡ፣ ያለቀ ዕቃ መግዛቱ፣ በሩ ተዘግቶ ጠብቆ የተመለሱበት ቀን፣ «ከምድጃው ጀርባ አልጸዳም» ተብሎ በነጻ የተደገመው ሥራ።

አንድ ተራ ቀን እንቁጠር። ሁለት ቤት አለ፣ እያንዳንዱ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ 5 ሰዓት ሆነ። ከቤት ወደ መጀመሪያው፣ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው፣ ከዚያ ወደ ቤት መመለስ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ቢወስድ 1 ሰዓት ተኩል ነው። ጨርቅ ማጠብና ዕቃ ማሰናዳት 45 ደቂቃ፣ ስልክና ሒሳብ ሌላ 45 ደቂቃ። ድምሩ 8 ሰዓት፣ የተከፈለው 5 ብቻ። ስለዚህ የ8 ሰዓት ክፍያ ይዞ ማታ ቤቱ መግባት የሚፈልግ ሰው፣ ይገባኛል የሚለውን የሰዓት ክፍያ በ1.6 ማባዛት ግድ ይለዋል፤ ያውም ሳሙናው፣ ትራንስፖርቱና ግብሩ ሳይታሰብ።

አምስቱ አማራጮች በመሠረቱ የሚለያዩት እነዚያን 3 ሰዓታት ማን ይሸከማቸዋል በሚለው ላይ ነው። እኔ አንድ መመዘኛ ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው ይህንኑ ነው።

ሌሎቹን በአጭሩ ላስቀምጣቸው። መነሻ ገንዘብ ሲባል የዕቃ መግዣው ብቻ መታሰብ የለበትም፤ ደንበኛ እስኪሞላ ድረስ የሚበላውም አብሮ ይቆጠራል። ደንበኛው የማን ነው? ነገ አሠራሩን ቢለውጡ ይከተልዎታል ወይስ ከስም ጋር ይቀራል? ዕቃ ቢሰበር፣ ወለል ቢበላሽ፣ ቁልፍ ቢጠፋ ከማን ኪስ ይወጣል? በመጨረሻም ጉልበት፦ ወገብዎን ቢያምዎት ወይም ለሁለት ሳምንት ቢተኙ ገቢው ይቀጥላል ወይ?

## ለብቻ መጀመር

ከሁሉም ርካሹ በር ነው፤ ለአብዛኛው ሰውም ትክክለኛው ነው ብዬ አምናለሁ። የሚያስፈልገው አንድ ጥሩ ቫኪዩም (አቧራ መሳቢያ)፣ ጭንቅላቱ የሚቀያየር መወልወያ፣ ሁለት ባልዲ፣ ቢያንስ ሃያ ያህል ማይክሮፋይበር ጨርቅ፣ ጓንት፣ አጭር መሰላል፣ ጥቂት ፈሳሾችና እነዚህን የሚይዝ ቦርሳ ነው። ጨርቁን በቀለም ይለዩት፤ ለምሳሌ ቀዩ ለሽንት ቤት፣ ሌላው ቀለም ለማእድ ቤት፣ ሌላው ለዕቃ አቧራ። ደንበኛው ይህን ሲያይ ሳይነግሩት ያምንዎታል። ማይክሮፋይበር በልብስ ማለስለሻ አይታጠብም፤ ማለስለሻው ክሮቹን ይደፍናቸውና ውሃም አቧራም መያዝ ያቆማል። ብዙ ጀማሪ በዚህ ምክንያት ጥሩ ጨርቅ ይጥላል።

ፈሳሽ ሲገዙ ብዛት አይምረጡ። ለወለል አሲድም አልካሊም ያልሆነ ለስላሳ ማጽጃ፣ ለማእድ ቤት ቅባት ቆራጭ፣ ለመታጠቢያ ቤት ነጩን የውሃ ቅርፊት የሚያሟሟ አሲዳማ ማጽጃ፣ ለመስታወት አንድ፣ ጀርም ለመግደል በረኪና። የሚያስፈራው የእነዚህ መቀላቀል ነው። በረኪና ከአሲድ ጋር፣ አቼቶን ጨምሮ፣ ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ክሎራሚን። ሁለቱም በጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሳንባ ይጎዳሉ። የትናንቱ አጽጂ በሽንት ቤቱ ውስጥ ያስቀረውን ስለማያውቁ መጀመሪያ ውሃ ይልቀቁበት። እብነ በረድ ላይ ደግሞ አቼቶም ሆነ ሌላ አሲድ አይነካም፤ ድንጋዩ ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ አሲድ ይበላዋል፣ የጠፋው አንጸባራቂነት በውልወላ አይመለስም።

ይህን በንጽጽር ጽሑፍ ውስጥ የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። ለብቻ የሚሠራ ሰው ከኋላው ማንም የለም። የአንድ ሰው ማእድ ቤት እብነ በረድ ዋጋ የስድስት ወር ትርፍ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መነሻ ገንዘቡ ውስጥ የኃላፊነት መድን፣ ማለትም በሌላ ሰው ንብረት ላይ ለሚያደርሱት ጉዳት የሚከፍል መድን፣ ይግባ። ውሉን ሲያነቡ አንድ አንቀጽ ይፈልጉ፦ ብዙ የኃላፊነት መድን ውሎች እየሠሩበት ባለው ዕቃ ላይ የሚደርስን ጉዳት ከሽፋን ያስወጣሉ። የአበባ ማስቀመጫው ተገፍቶ ቢሰበር ይከፈላል፣ እየወለወሉት ያለው ጠረጴዛ ቢላጥ ግን አይከፈልም ማለት ነው። አንቀጹ ካለ ተጨማሪ ሽፋን ይጠይቁ።

ጣሪያው የት ነው? በቀን ሁለት ቤት፣ በሳምንት አምስት ቀን ቢሠሩ 10 ጉብኝት ነው። ደንበኛው በየሁለት ሳምንቱ የሚያስጸዳ ከሆነ 20 ደንበኛ ሳምንቱን ሙሉ በሙሉ ይሞላዋል። ሃያ ሰው ብቻ! ለዚህ ትልቅ ማስታወቂያ አያስፈልግም፤ አምስት የረኩ ደንበኞች እያንዳንዳቸው ጎረቤትና የሥራ ባልደረባ ቢነግሩ ሃያው ይሞላል። የተሻለው ደግሞ ሃያው በአንድ አካባቢ ሲሰበሰብ ነው። መንገዱ ከግማሽ ሰዓት ወደ አሥር ደቂቃ ቢወርድ በቀን አንድ ሙሉ ሰዓት ይተርፋል፤ ዋጋ ሳይጨምሩ ገቢዎ ጨመረ ማለት ነው። ሩቅ ያለ ደንበኛ ሲመጣ እንቢ ማለት ለጀማሪ ይከብዳል፣ ግን የሩቁን ወስደው የቅርቡን ቦታ የሚያጡበት ቀን ይመጣል።

የዚህ መንገድ ክፉ ጎን ሕመም ነው። ሲተኙ ገቢው አብሮ ይተኛል። ከእያንዳንዱ ክፍያ ለሕመም ጊዜ የሚቀመጥ ድርሻ ቢለዩ፣ ከዚያም እንደ እርስዎ ለብቻው ከሚሠራ ሌላ ሰው ጋር «ስትታመም እኔ፣ ስታመም አንተ» የሚል ስምምነት ቢኖርዎት ግማሹ ችግር ይቃለላል።

## ሁለት ሆኖ መሥራት

ሁለት ሰው ሲሆን ሥራው ይለሰልሳል። አልጋና ሶፋ ያለ ጭንቀት ይነሳል፣ አንዱ እርጥቡን (ማእድ ቤትና መታጠቢያ)፣ ሌላው ደረቁን (መኝታና ሳሎን) ይይዛል፣ አንዱ ሲታመም ቤቱ ባዶ አይቀርም። ደንበኛም ሰው ቤቱ ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ሲያጥር ይወዳል።

የሚረሳው መንገዱ ነው። ሁለት ሰው ግማሽ ሰዓት ሲጓዝ አንድ ሰዓት የሰው ጉልበት ነው የባከነው። ለብቻ ሁለት ትንንሽ ቤት የሚሠሩ ሁለት ሰዎች አንድ ላይ ሲሆኑ አራት ቤት መድረስ አለባቸው፤ ያኔ የመንገዱ ምልልስ ከሦስት ወደ አምስት ያድጋል፣ ቀኑም በአንድ ሰዓት ይረዝማል። ስለዚህ ጥንድ ትንንሽ ቤት አያዋጣውም። አንድ ሰው አምስት ሰዓት የሚፈጅበትን ትልቅ ቤት በሁለት ሰዓት ተኩል መጨረስ ነው የጥንድ ሥራ። አካባቢዎ ጠባብ አፓርትመንት የሚበዛበት ከሆነ ለየብቻ ሠርቶ ሳሙናና ቫኪዩም በጋራ መግዛት ይሻላል።

ውሉን ደግሞ በወረቀት ያድርጉት፣ እህትማማች ቢሆኑም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ሦስት ነገር ይጻፍ፦ የደንበኞች ስልክ ቁጥር የማን ነው፣ አንዱ ቢወጣ ደንበኞቹ እንዴት ይከፋፈላሉ፣ ስልክ የሚያነሳና ሒሳብ የሚይዘው ሰው ለዚያ ሥራው ይከፈለዋል ወይ። ጥንዶች የሚጣሉት በአብዛኛው በሦስተኛው ነው። አንዱ ማታ ማታ መልእክት ሲመልስ ያመሻል፣ ሌላው አያየውም፤ ክፍያው ግን እኩል ነው።

## ሠራተኛ ቀጥሮ ማሠራት

እዚህ ጋ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ብዙ ደህና ሥራ የሚወድቀው እዚህ ነውና።

ለብቻ ሲሠሩ ከ100 ገቢ ለሳሙና፣ ለትራንስፖርት፣ ለመድንና ለስልክ 25 ቢወጣ 75 ይቀራል። አሁን እርስዎ ሳይሆን የቀጠሩት ሰው ያጸዳል እንበል። ከዚያው 100 ደመወዝ (የመንገድ ሰዓት ክፍያን ጨምሮ) 55 ይወስዳል። የዓመት ፈቃድ፣ የሕመም ቀን፣ የአሠሪ መዋጮና መድን 12። ሳሙናና ትራንስፖርት 8። ስልክ፣ ማስታወቂያና በነጻ የሚደገም ሥራ 5። ድምሩ 80፣ የቀረልዎት 20። ለብቻዎ ያገኙ የነበረውን 75 በዚህ መንገድ ለማግኘት ገቢው ወደ አራት እጥፍ ማደግ አለበት። በአንድና በአራት ሠራተኛ መካከል ያለው ሸለቆ ይህ ነው፦ ኃላፊነቱ የአሠሪ፣ ገቢው ከአጽጂም ያነሰ። አንድ ሠራተኛ ቀጥሮ ራሱ ማጽዳቱን ያቆመ ሰው የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደጣለችው ይሆናል።

ሸለቆውን የሚሻገሩት ሰዎች ሁለት ነገር ያደርጋሉ። አንደኛ፣ የመጀመሪያውን ሠራተኛ ሲቀጥሩ እነሱም ማጽዳታቸውን አያቆሙም። ሁለተኛ፣ የሚቀጥሩት ሥራ ሞልቶ ሲፈስ ነው፤ ተራ የሚጠብቁ ደንበኞች ሲኖሩና የአዲሱ ሰው ሳምንት ቢያንስ ግማሹ ከወዲሁ ሲያዝ። «ሰው ልቅጠርና ደንበኛ እፈልጋለሁ» የሚለው ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ሠራተኛውን «ተቋራጭ»፣ ማለትም ተቀጣሪ ያልሆነ በራሱ የሚሠራ ሰው፣ ብሎ መመዝገብ ወጪ የሚቀንስ ይመስላል። ሰዓቱን፣ የሥራውን ቅደም ተከተል፣ ዕቃውንና ልብሱን እርስዎ የሚወስኑ ከሆነ ግን በብዙ አገሮች ሕግ ያ ሰው ሠራተኛዎ ነው፤ ወረቀቱ ላይ የጻፉት ስም አያድንም። የኋላ መዋጮና ቅጣት አንድ ቀን ተሰብስቦ ይመጣል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው የቤት ሠራተኞች ስምምነት ቁጥር 189 የሳምንት ዕረፍት ቢያንስ ተከታታይ 24 ሰዓት እንዲሆን ይጠይቃል። የሚሠሩበት አገር ስምምነቱን ባያጸድቀውም ከዚያ በታች መውረድ ሠራተኛ ያሸሻል፣ አዲስ ሰው ማሠልጠን ደግሞ ከማንኛውም ሳሙና የበለጠ ውድ ነው።

ሥልጠናው ራሱ ከባድ አይደለም። ከላይ ወደ ታች፣ ከደረቅ ወደ እርጥብ፣ ከውስጥ ክፍል ወደ በር። ጀርም ገዳዩ ፈሳሽ ተረጭቶ ወዲያው አይጠረግም፤ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ደቂቃ ያህል እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት፣ አንዳንዱ እስከ 10 ደቂቃ። ከባዱ ነገር እምነት ነው። የደንበኛ ቁልፍ ላይ አድራሻ አይጻፍ፣ ቁጥር ብቻ ይለጠፍበት፣ የቁጥሩ ዝርዝር ሌላ ቦታ ይቀመጥ።

## በመተግበሪያ በኩል መሥራት

የመተግበሪያው ጥቅም ግልጽ ነው፤ በማይከፈልበት ሰዓት ውስጥ ያለውን ስልክ፣ የዋጋ ድርድርና ገንዘብ መሰብሰብ ይወስድልዎታል። ዛሬ ተመዝግበው በጥቂት ቀናት ውስጥ ሥራ ሊያገኙ ይችላሉ። ደንበኛ የሌለው፣ ቁጠባ የሌለው፣ ኪራይ የደረሰበት ሰው ይህን በር ቢመርጥ አይፈረድበትም።

በምትኩ የሚሰጡት ሁለት ነገር ነው። አንዱ ኮሚሽን፦ ከ100 ላይ 25 ቢቆርጥ፣ ሳሙናና ትራንስፖርት 15 ቢሆን 60 ይቀራል። ሥራው ደግሞ አንድ ጊዜ በምሥራቅ፣ አንድ ጊዜ በምዕራብ እየተበተነ ስለሚመጣ በስልኩ የተረፈው ሰዓት በመንገድ ይመለሳል። ሁለተኛውና ክፉው፣ ደንበኛውም የተሰበሰበው ኮከብም (ደንበኞች የሚሰጡት ምዘና) የመተግበሪያው መሆኑ ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ። ውሉ አብዛኛውን ጊዜ ደንበኛን ከመተግበሪያው ውጭ መውሰድን ይከለክላል፤ ጥሶ መሥራት ከመባረርም አልፎ ሊያስከስስ ይችላል።

መተግበሪያው ራሱም ዘላቂ ላይሆን ይችላል። በአሜሪካ በቤት ጽዳት ስሙ ገኖ የነበረው ሆምጆይ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2015 ተዘጋ፤ ኃላፊዎቹ ከጠቀሷቸው ምክንያቶች ዋናው አጽጂዎቹ ተቋራጭ ናቸው ወይስ ሠራተኛ በሚለው ላይ የተነሱት ክሶች ነበሩ። ሥራቸውን ሁሉ በእሱ ላይ የጣሉ አጽጂዎች ባዶ የቀን መቁጠሪያ ይዘው ቀሩ።

እንደ ትምህርት ቤት ግን አልንቀውም። በሦስት ወር ውስጥ ሠላሳና አርባ የተለያየ ቤት ያያሉ፤ የትኛው ቤት ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ፣ የትኛው ደንበኛ እንደሚያስቸግር ይማራሉ። እየሠሩ እያለ ከመተግበሪያው ውጭ የራስዎን ደንበኛ በጎረቤትና በወዳጅ በኩል ያሰባስቡ፤ ቁጥራቸው አሥር ሲደርስ የመተግበሪያውን ቀን ወደ ሁለት ይቀንሱ።

## ፍራንቻይዝ

ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ በሰሜን አሜሪካ የተስፋፋ መንገድ ነው። የታወቀ ስም፣ የተዘጋጀ ሥልጠና፣ የቀጠሮና የሒሳብ ሶፍትዌር፣ ብዙ ጊዜም የተከለለ ክልል ይገዛሉ። ባለቤቱ ራሱ ያጸዳል ተብሎ አይጠበቅም፤ ከመጀመሪያው ቀን ሠራተኛ ያስተዳድራል። ስለዚህ የቅጥሩ ሸለቆ እዚህም አለ፣ የመግቢያ ክፍያው ሲጨመርበት ደግሞ ይጠልቃል።

ለስሙ በየጊዜው የሚከፈለው ድርሻ ሮያሊቲ ይባላል። ሻጩ «ሮያሊቲው 6 በመቶ ብቻ ነው» ሲል ከምኑ ነው ብለው ይጠይቁ። ብዙ ጊዜ ከጠቅላላ ገቢ ነው እንጂ ከትርፍ አይደለም። ከ100 ገቢ 85 ወጪ ሆኖ 15 ትርፍ ቢቀርዎት፣ 6 ሮያሊቲና 2 ለጋራ ማስታወቂያ ሲከፍሉ ከትርፉ ከግማሽ በላይ ሄደ። በኪሳራ ወርም ይከፈላል። ስሙ ያን ያህል ደንበኛ ካላመጣ ተከራይተው የለበሱት ልብስ ነው።

ከመፈረም በፊት አንድ ጠቃሚ ልማድ ከአሜሪካ ሕግ ይዋሱ። እዚያ ፍራንቻይዝ ሻጩ 23 ርዕሶች ያሉትን የመረጃ ሰነድ ገዢው ከመፈረሙ ወይም ከመክፈሉ ቢያንስ 14 ቀን አስቀድሞ መስጠት አለበት፤ በሰነዱ ውስጥ የወቅቱና የለቀቁ ባለ ፍራንቻይዞች አድራሻ ይገኛል። ሕጉ እርስዎ ዘንድ ባይኖርም ዝርዝሩን ይጠይቁ፤ ለለቀቁት ይደውሉ። ካሉት ይልቅ የለቀቁት ይናገራሉ። ዝርዝሩን አልሰጥም ያለ ሻጭ መልሱን ሰጥቷል።

## በአንድ እይታ

| መመዘኛ | ለብቻ | ሁለት ሆኖ | ቅጥር | መተግበሪያ | ፍራንቻይዝ |
|---|---|---|---|---|---|
| መነሻ ገንዘብ | ዝቅተኛ | ዝቅተኛ፣ ይጋራሉ | መካከለኛ፣ የደመወዝ ክምችት ይፈልጋል | በጣም ዝቅተኛ | ከፍተኛ |
| የመጀመሪያ ገቢ | በሳምንታት | በሳምንታት | በወራት | በቀናት | በወራት |
| የማይከፈልበትን ሰዓት የሚሸከመው | እርስዎ | ሁለታችሁ፣ መንገዱ እጥፍ | እርስዎ፣ የሠራተኛውንም ጨምሮ | ስልኩን መተግበሪያው፣ መንገዱን እርስዎ | እርስዎ፣ በሶፍትዌር እገዛ |
| ደንበኛው የማን ነው | የእርስዎ | እንደ ውሉ | የድርጅትዎ | የመተግበሪያው | ስሙ የሻጩ፣ ውሉ ይወስናል |
| ጉዳት ሲደርስ | እርስዎና መድንዎ | ሁለታችሁ | አሠሪው | እንደ ውሉ፣ ብዙ ጊዜ እርስዎ | እርስዎ |
| ቢታመሙ | ገቢ ይቆማል | በግማሽ ይቀጥላል | ይቀጥላል | ይቆማል | ይቀጥላል |
| የማደግ ጣሪያ | 20 ያህል ደንበኛ | እጥፍ ያህል፣ ቤቱ ትልቅ ከሆነ | ከሸለቆው በኋላ ክፍት | ዝቅተኛ | በተሰጠው ክልል |

## ምን ዓይነት ጽዳት?

በሩን ከመረጡ በኋላም ሁለተኛ ምርጫ አለ። ቋሚ የቤት ጽዳት፣ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ፣ ለአንድ ጉብኝት ትንሽ ይከፍላል፣ ግን ሽያጩ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚካሄደው። አንድ ጊዜ ብቻ የሚደረግ ጥልቅ ጽዳት ወይም የለቀቁት ቤት ጽዳት ለአንድ ቀን ብዙ ያስገኛል፣ በማግስቱ ግን እንደገና ደንበኛ ፍለጋ ነው። እኔ ጥልቁን ወደ ቋሚው መግቢያ አድርጌ ነው የማየው፤ የመጀመሪያው ጉብኝት ብዙ ጊዜ ከሚቀጥሉት ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ ስለሚፈጅ ለብቻው ይተመን።

ለአጭር ጊዜ የሚከራዩ ቤቶች ሥራ ያበዛሉ፣ ሰዓቱ ግን የእንግዳ ነው። አንዱ ወጥቶ ሌላው እስኪገባ ያለው ክፍተት ጥቂት ሰዓት ብቻ ስለሆነ ሁለት ቤት በአንድ ቀን ከተለቀቀ ለብቻ የሚሠራ ሰው ይያዛል። አንሶላና ፎጣ ማጠቡ በዋጋው ውስጥ መኖር አለመኖሩ አስቀድሞ ይነገር። ከግንባታ በኋላ ያለው ጽዳት ጥሩ ይከፍላል፣ ነገር ግን የሲሚንቶና የሰድር አቧራ ውስጥ ሳንባ የሚጎዳ ሲሊካ አለ፤ ተራ ቫኪዩም የላመውን አቧራ ከኋላው መልሶ ይተፋዋል። 0.3 ማይክሮን ከሚያህለው ቅንጣት 99.97 በመቶውን የሚይዝ ሄፓ ማጣሪያ ያለው ቫኪዩምና በልክ የሚገጥም ጭምብል ከሌለዎት አይንኩት።

## በሰዓት ወይስ በቁርጥ?

በሰዓት ማስከፈል ለመጀመሪያዎቹ ጉብኝቶች ይጠብቅዎታል፤ ያልታየ ቆሻሻ ቢወጣ አይጎዱም። ችግሩ ሲፈጥኑ ይቀጣዎታል። በሦስት ሰዓት ያጸዱት የነበረውን ቤት በሁለት ሰዓት ከሩብ ማጽዳት ሲችሉ ገቢዎ ሩብ ቀነሰ ማለት ነው፣ ደንበኛውም ሰዓት እያየ ከኋላዎ ይቆማል። ስለዚህ ሦስት ጉብኝት ድረስ በሰዓት ይሥሩ፣ የፈጀውን ደቂቃ በደብተር ይያዙ፣ ከዚያ በቁርጥ ዋጋ ይዋዋሉ። በቁርጡ ውስጥ የሌለውን (የማቀዝቀዣ ውስጥ፣ የምድጃ ውስጥ፣ የውጭ መስኮት) ዝርዝር ለይተው ይጻፉ። ቀጠሮ በመጨረሻው ሰዓት ሲሰረዝ ወይም በሩ ተዘግቶ ሲገኝ ምን ያህል እንደሚከፈልም አብሮ ይጻፍ፤ ያ ሰዓት የማይከፈልበት ሰዓት ሁሉ አባት ነው።

## ለማን የቱ?

በእጅዎ ምንም ከሌለና ገቢው በዚህ ወር ከተፈለገ በመተግበሪያው ይግቡ፣ የመውጫ ቀንዎን ግን ከወዲሁ ይቁረጡ። የሁለትና የሦስት ወር ቀለብ የሚሆን ቁጠባ ካለዎት ለብቻ ይጀምሩ፣ በአንድ አካባቢ ይሰብሰቡ፣ ሃያውን ይሙሉ። ልጅ የሚያሳድግ ወይም በቀን ጥቂት ሰዓት ብቻ ያለው ሰው በሳምንት ስድስት ሰባት ቋሚ ቤት ይዞ እዚያው ቢቆይ ምንም ነውር የለበትም፤ ማደግ ግዴታ አይደለም። አካባቢው ትልልቅ ቤት የሚበዛበት ከሆነና የሚያምኑት ሰው ካለ፣ ጥንድ ይሁኑ።

ሰው ማስተዳደር የሚወዱ፣ ሃያው ሞልቶ ወረፋ የተሰለፈልዎት ከሆነ ይቅጠሩ። ገንዘብ ኖሮዎት ማጽዳቱን ራስዎ የማይሠሩት ከሆነ ደግሞ ፍራንቻይዝ ከማየትዎ በፊት ስድስተኛውን በር አንኳኩ፤ ጡረታ የሚወጣ ወይም የደከመው ባለ ሥራ ደንበኞቹን ከነሠራተኞቹ ሊሸጥ ይችላል። እዚያ ሮያሊቲ የለም፣ ገቢውም ከመጀመሪያው ወር አለ። ዋጋው ሲተመን የአንድ ዓመት የባንክ መዝገብ ይዩ፣ ደንበኞቹ ዘንድ ከሻጩ ጋር አብረው ይዙሩ፣ ክፍያውንም ለሁለት ይክፈሉት፦ ግማሹ ሲረከቡ፣ ቀሪው ከሦስት ወር በኋላ አብረው በቀሩት ደንበኞች ቁጥር ልክ።